ማንኛውም ክፍት ቀዳዳ ይደፈን

ናዝሬት በተመደብኩበት ጋራዥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙም አልተናገርኩም። ብዙ ጻፍኩ እንጂ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የምደባ ደብዳቤዬን ይዤ ስመጣ በግቢው ውስጥ ከአርባ የማያንሱ ወንዶች ነበሩ። ከእኔ ሌላ ያለችው ሴት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች። ቱታዬን ለብሼ በመካኒኮቹ መሃል ሳልፍ የመፍቻው ድምፅ ይቆማል፤ ካለፍኩ በኋላ ይቀጥላል። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ስለዚህ የምለውን በወረቀት እጽፍና ጠዋት ሰው ሳይገባ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው፤ ፊደሎቼ እኩል ናቸው። «ያገለገለ ዘይት መሬት ላይ አይደፋም።» «የተፈታ ብሎን በሣህን ይቀመጥ።» ሰዎቹ «የግድግዳዋ መሐንዲስ» የሚል ስም አወጡልኝ። እንደሰማሁ አላሳየሁም።

ከማስታወቂያዎቹ አንዱ መኪና ማጠቢያው ጋ የተለጠፈው ነው። ምክንያት ነበረው። አንድ መኪና የዘይት መሙያው ክዳን ሳይገጠም ታጥቦ፣ ውሃው የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ውስጥ ገብቶ፣ ዘይቱ እንደ አጓት ነጥቶ ተገኘ። በማግሥቱ ሦስት ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦ «መኪና ከመታጠቡ በፊት ማንኛውም ክፍት ቀዳዳ ይደፈን።» አንድም የተረፈ ቃል የላትም ብዬ ደስ አለኝ።

መኪና የሚያጥቡት ከወንጂ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ባለፈው ክረምት መሠረተ ትምህርት ገብተው ፊደል ቆጥረዋል፤ የምስክር ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይይዙት ነበር። ማስታወቂያውን የለጠፍኩ ዕለት ጠዋት የጎማ የውሃ ቱቧቸውን ጥለው መጡና ከፊቱ ቆሙ። ጣታቸውን በየፊደሉ ሥር እያስኬዱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ማን-ኛ-ውም» ላይ ትንሽ ተቸገሩ፤ ተመልሰው ጀመሩትና ተወጡት። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንታላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ከትምህርት ቤት ውጪ ማንም ሳይረዳኝ ያነበብኩት የመጀመሪያው ይሄ ነው።»

ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ሁለት ወር ያህል አልፎ ነው የአንድ ሌላ መኪና ነገር የመጣው። ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ነው፤ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ሻሸመኔ መስመር ይወርዳል፣ በቆሎ ጭኖ ይመለሳል። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ካምቢዮው ከኋላ በኩል ዘይት ያንጠባጥባል። ካምቢዮው ከኋላ በኩል ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያስተላልፍ ዘንግ ይወጣበታል፤ ዘንጉን ከብቦ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ ቀለበት አለ። መካኒኮቹ ጎሚኒ ይሉታል። ጎሚኒው ተቀየረ። አፈሰሰ። ሁለተኛ ተቀየረ። እሱም አፈሰሰ። ሦስተኛው ከዕቃ ግምጃ ቤት ሲወጣ በመደርደሪያው ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ዕቃው የሚመጣው ከውጭ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚፈቀደው። እሱም በሁለተኛ ጉዞው አፈሰሰ።

ሦስቱንም የገጠሙት ዋናው መካኒክ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ከጣልያኖች ሥር ሙያውን የለመዱ ሰው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከአብዮቱ በፊት በከተማው የራሳቸው አነስተኛ ጋራዥ ነበራቸው። አሁን ያ ጋራዥ ተወርሶ የሌላ መሥሪያ ቤት መጋዘን ሆኗል፤ በፊቱ ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩትም ይባል ነበር። ይህ የኋላ ታሪክ ሥራቸው ያማረ እስከሆነ ድረስ አይነሳም። ሦስተኛው ጎሚኒ ያፈሰሰ ሳምንት ግን በሻይ ሰዓት አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «አሻጥር» የሚለውን ቃል ሲናገር ሰማሁ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ከሰው ስም ጋር ከተጣበቀ ሰውየው በማግሥቱ ሥራ ላይ ላይገኝ ይችል ነበር።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቢሮው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ሲናገር እስክሪብቶ የሚያሽከረክር ወጣት ነው። ዓርብ የሠራተኛው ስብሰባ እንዳለ፣ የዚህ መኪና ጉዳይ እንደሚነሳ፣ እስከዚያ የቴክኒክ ሪፖርት እንድጽፍ ነገረኝ። «ጓድ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣» አለኝ። «አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት የሠራውን ሥራ ሦስት ጊዜ እንዴት ይሳሳታል? ሆን ብሎ ካልሆነ ምክንያቱን ጻፊልን።» እሺ ብዬ ወጣሁ።

አራተኛውንና የመጨረሻውን ጎሚኒ ሲገጥሙ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ወደ ጎማዎቹ የሚሄደውን ረጅሙን ዘንግ አወረዱ፤ በካምቢዮው በኩል የሚያጠብቀውን ዳዶ ፈትተው ማያያዣውን ፍላንጅ ሳቡ። የቆየውን ጎሚኒ አወጡና በእጄ ሰጡኝ። ዘንጉን የሚያቅፈው ከንፈሩ አልተቀደደም፣ አልደረቀም፤ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ዙሪያ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ቀስ ብለው አስኬዱ። የተቦረቦረ ነገር ቢኖር ጥፍር ያውቀዋል። የእኔንም እጅ ይዘው አስነኩኝ፤ እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ ነበር። የአዲሱን ከንፈር ግራሶ ቀቡት። የዘንጉ ጥርሶች እንዳይቧጭሩት ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያወጡትን ስስ ወረቀት ጠቀለሉባቸው፤ በእንጨት ዙሪያውን እኩል እየመቱ አስገቡት። መጽሐፌ ውስጥ ሁለት ገጽ የሚፈጀውን ሥራ መጽሐፉ ካለው በላይ ተጠንቅቀው ሠሩት። የዘይቱ ልክም ትክክል ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ይህን ለማለት ጧቱን ሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ዘይት በገዛ ፈቃዱ አይሄድም፣ የኔ ልጅ። የሚገፋው አለ። ምን እንደሚገፋው ነው ያጣሁት።»

ሐሙስ ጠዋት ማዳበሪያ ወደ ቡልቡላ ይሄድ ስለነበር ሦስታችን አብረን ወጣን፤ ሹፌሩ፣ ጋሼና እኔ። መሃል የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጉልበቴን ላለመንካት ክርኑን ወደ ላይ ያነሳል፤ ይቅርታ ይለኛል። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው። ስለ መኪናዋ ሲያወራ እንደ ሚስቱ ነው የሚያማት። «የመንግሥት ዘይት ትጠጣለች፣ የመንግሥት መንገድ ላይ ታሸናለች፣» አለ። «ምን ይደረግ፣ እሷም ሠራተኛ ናት፤ እረፍት ስጧት።» ጋሼ አልሳቁም። እኔ ሳቄን ዋጥኩት።

ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ ታጠፍን። መቂ ስንደርስ ቆመን ከሥር አየን። ደረቅ ነው። በመንገዱ ዳር የሽንኩርት ጆንያ እንደ ግድግዳ ተከምሮ ነበር፤ ሹፌሩ ከደላሎቹ አንዱን ያውቀዋልና ለቤቱ አንድ ከረጢት ጫነ። ዝዋይ ላይም አየን። ደረቅ ነው። ጋሼ ትንሽ ቀና ብለው ተቀመጡ። ከዝዋይ በኋላ ፀሐዩ በረታ፤ ከእግራችን ሥር ያለው የብረት ወለል በጫማዬ ውስጥ ሳይቀር ያቃጥለኝ ጀመር። ቡልቡላ ግራር ሥር ቆመን ሞተሩ ሲጠፋ ከሥር ጠብ የሚል ድምፅ ሰማን። ነጩ አቧራ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ከዚያ ሌላ።

ጋሼ መሬት ላይ ተቀመጡ። ወድቀው አይደለም፤ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብለው ነው የተቀመጡት። ሹፌሩ አንዴ አየንና ሄዶ ከማዳበሪያ ተቀባዮቹ ጋር ያወራ ጀመር።

እኔ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ጠብታው ሲወርድ ብዙ ጊዜ አየሁት። ዝም ብሎ የሚወርድ አይመስልም፤ ሰው ከውስጥ ሆኖ በልክ የሚያቀብለው ይመስላል። የሚገፋው አለ ያሉት ትዝ አለኝ። ወጥቼ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሼ፣ እንዲህ እንደጋለ የመሙያውን ክዳን ከፍተን እናውቃለን?»

«ሲግል አይከፈትም። ዘይት የሚለካው ቀዝቅዞ ነው። እጅም ያቃጥላል።» ወደ መኪናው ሥር አዩ። «አናውቅም፣» አሉ።

እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መፍቻውን አስገቡ። ክዳኑ ገና ሁለት ዙር እንኳ ሳይዞር ፍሽሽ አለ። የጋለ የዘይት ትንፋሽ እጅጌያቸው ላይ ተረጨ፤ እንደተነፈሰ ጎማ ረጅም ጊዜ ፍሽሽ ሲል ቆየ። ሲያበቃ ጠብታውም ቆመ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠብታው ይወርድበት የነበረውን ቦታ አየን።

«አፍንጫዋ!» አሉ ጋሼ።

ካምቢዮ አናቱ ላይ ከጣት የማትበልጥ፣ ትንሽ ቆብ የደፋች ቧንቧ አለችው። መጽሐፉ መተንፈሻ ይላታል፤ ጋሼ አፍንጫ ነው የሚሏት። ዘይቱ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፤ ያበጠው በዚያች ይወጣል። እሷ ከተዘጋች አየሩ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም ጎሚኒው ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ሾልኮ ይወጣል። በጋራዡ ሁልጊዜ መኪናው አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሚነካ፣ ያ ትንፋሽ አንድም ቀን ሰው ፊት ወጥቶ አያውቅም።

ጋሼ የሹፌሩን ክፍል ወለል አነሱና ክንዳቸውን አስገቡ። ቆቧን ነቅለው ከሥሯ ያገኙትን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ከግራር እንጨት የተቀረጸ ውታፍ ነበር፤ ግራሶ የተቀባ የጆንያ ቁራጭ በሥርዓት ተጠቅልሎበታል። ጫፉ ሾጠጥ ብሎ፣ አናቱ ለመያዝ እንዲመች ተደርጎ፣ በትዕግሥት የተሠራ ነው። ሹፌሩ ተመልሶ መጣና አየው።

«ይሄ እንኳ በራሱ የገባ አይደለም፣» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ «አሻጥር ነው፣» አለ።

እኔ ግን ውታፉን ገና ሳየው አውቄዋለሁ። አጣቢው ሽማግሌ ሁልጊዜ በርሜሉ ውሃ እስኪሞላ ድረስ በቢላ እንጨት ይቀርጹ ነበር። ያን ጊዜ ከወራት በፊት በራሴ እጅ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር ከነነጥቧ ፊቴ ላይ መጣች። ክፍት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን ብያለሁ። ከታጠበ በኋላ ይከፈት አላልኩም። የትኛው ቀዳዳ ክፍት መሆን እንዳለበትም አልጻፍኩም።

ከቡልቡላ እስከ ናዝሬት ትንፍሽ አላልኩም። መኪናው አንድ ጠብታ ሳያፈስ ገባ።

ጋሼ ከመኪና ሲወርዱ ሹፌሩ እስኪርቅ ጠበቁና ውታፉን ከእኔ ወሰዱ፤ ኪሳቸው ከተቱት።

«የማን ቢላ እንደሆነ አውቃለሁ፣» አሉኝ በዝግታ። «ሹፌሩን እኔ አናግረዋለሁ፤ ዝም ይላል። ነገ ዕቃው ያረጀ ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል እላለሁ። ፊደል ስላወቀ ደስ ያለው ሽማግሌ አሻጥረኛ ከሚባል እኔ ሰነፍ ልባል።» ሊሄዱ ካሉ በኋላ ቆም አሉ። «ማስታወቂያሽንም አንብቤው ነበር። ያን ጊዜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ የተማረች ልጅ ናት ብዬ ተውኩት።»

እሳቸውን ማንም ሰነፍ እንደማይላቸው ግን አውቅ ነበር። የሚሏቸው ሌላ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ቀድሜ ማጠቢያው ጋ ሄድኩ። ሽማግሌው ቱቦውን እየጠቀለሉ ነበር። «አካም ቡልቴ፣» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ። ቀዳዳዎቹን እንዴት እንደሚደፍኑ ጠየቅኳቸው። ፊታቸው በራ። ለእያንዳንዱ መኪና እየለኩ ውታፍ እንደሚቀርጹ፣ ከላይ ያለችውን ትንሽዋን እንኳ ክንዳቸውን አስገብተው፣ ቆቧን ነቅለው እንደሚደፍኗት፣ ቆቧንም መልሰው እንደሚደፉላት ነገሩኝ። ሌሎቹ መኪኖች ከከተማ ስለማይርቁ አላፈሰሱም እንጂ እነሱም ተደፍነው ነበር።

«ከታጠበ በኋላስ?» አልኳቸው።

«በኋላማ አልተጻፈም፣» አሉኝ። «የተጻፈውን ነው ያደረግኩት። አንዷንም አላለፍኩም።»

ያን ዕለት ሪፖርቱን ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ነው። ስለ ሙቀት፣ ስለ አየር መስፋፋት፣ ስለ ዘንጉና ስለ ጎሚኒው የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነው። አንዲት መስመር ላይ ግን ብዙ ቆየሁ፤ መጨረሻ «መተንፈሻው ተደፍኖ ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። አማርኛችን ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ደግ ነው፤ አድራጊውን ሳይጠሩ ድርጊቱን መናገር ይቻላል።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ጎማ ማከማቻው ውስጥ ተደረገ። ሰዎች ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ከኋላ ቆመዋል። ሽማግሌው በር አጠገብ ኮታቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ሪፖርቴን ራሴ እንዳነብ ተጠየቅኩ። ወረቀቱን ወደ ፊቴ አስጠግቼ አነበብኩ፤ ድምፄ ከፊት ለተቀመጡት ብቻ ነበር የሚሰማው። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን ማሽከርከር አቆመ።

«ተደፍኖ ተገኝቷል ማለት ምን ማለት ነው? ማን ደፈነው?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ሊናገሩ እንደሆነ ገባኝ። ሽማግሌው ደግሞ አንገታቸውን አስግገው በትኩረት ይሰማሉ፤ የሚባለው እሳቸውን እንደሚነካ ገና አልገባቸውም።

«እኔ ነኝ፣» አልኩ።

ያን ያህል ጮክ ብዬ የተናገርኩ አልመሰለኝም ነበር፤ ጎማው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ግን ቀና አሉ።

«በእጄ አይደለም። በጽሑፌ ነው።» ከማጠቢያው ነቅዬ ያመጣሁትን ማስታወቂያ ከሪፖርቱ ሥር አወጣሁና አነበብኩላቸው። ምን እንደጎደለው ተናገርኩ። ማንም በዚህ ማስታወቂያ የሠራ ሰው ትክክል እንደሠራ፣ የተሳሳተው ትእዛዙ እንደሆነ፣ ዋናው መካኒክ አራቱንም ጊዜ ያለ እንከን እንደገጠሙ፣ ምክንያቱንም ያገኙት እሳቸው እንደሆኑ ተናገርኩ። ሌላ የማስታውሰው የለም።

 ሊቀ መንበሩ ማስታወቂያውን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ያነበበውን ለማመን የሞከረ ይመስላል። ከዚያ ከኋላ የጋሼ ድምፅ መጣ።

«እሷ ራሷ ትንፍሽ የማትል ልጅ ናት፣» አሉ። «የመኪና መተንፈሻ ብትደፍን ምን ያስደንቃል?»

መጀመሪያ ሹፌሩ ሳቀ፤ ከዚያ ጎማ ማከማቻው በሙሉ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ሳቁን ለመያዝ እስክሪብቶውን ነከሰ። በሳቁ መሃል ያ «አሻጥር» የሚባል ቃል የት እንደሄደ እንጃ፤ ማንም አላነሳውም። በመጨረሻ በሚቀጥለው ሳምንት በጽሑፍ ግለ ሂስ እንዳቀርብና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በማኅደሬ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ደብዳቤው እስካሁን ማኅደሬ ውስጥ ነው። ግለ ሂሱን ጻፍኩት፤ ግን አልለጠፍኩትም፣ ቆሜ ተናገርኩት።

ሰኞ ጠዋት ጋሼና እኔ የየመኪናውን ወለል እያነሳን ውታፎቹን ስናወጣ አረፈድን። አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም፤ እያንዳንዱ ለገዛ ቀዳዳው የተለካ ነው። ጋሼ አንዱን አገላብጠው አዩና «እጅ አለው ሰውየው፣» አሉ። ከዚያ በኋላ ክዳን ለሌላቸው መሙያዎች ትርፍ ውታፍ የሚቀርጹት ሽማግሌው ሆኑ።

አዲሱን ማስታወቂያ የጻፍኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ከበፊቱ ይረዝማል፤ አያምርም። ጋሼን አማክሬ «አፍንጫው አይነካ» የሚል አክዬበታለሁ፤ በመጽሐፉ ቃል አልጻፍኩትም። ስለጥፍ ሽማግሌው ቱቦውን ጥለው መጡ። ጣታቸውን ከሥሩ አስኬዱ። «ከታጠበ በኋላ የተደፈነው ሁሉ ይከፈት» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው ከመጀመሪያው አነበቡት። ስብሰባው ላይ የሰሙትን አሁን እያገናኙት እንደሆነ አየሁ።

«የበፊቱ ስህተት ነበረበት?» አሉኝ።

«ነበረበት፣ አባባ።»

«የተሳሳተው እኔ ያነበብኩት ነው፣ ወይስ አንቺ የጻፍሽው?»

«እኔ የጻፍኩት ነው። እርስዎ በትክክል ነው ያነበቡት።»

ኮታቸውን ከውጭ በኩል፣ የምስክር ወረቀቱ ያለበትን ቦታ፣ በመዳፋቸው ነካ አደረጉት። «እሺ፣» አሉና ወደ ቱቧቸው ተመለሱ።